የወር ጥሬ ሥጋ ለውሻችሁ ቀድማችሁ ከመክፈላችሁ በፊት

ውሻ የምታሳድጉ ሁሉ ማስታወቂያውን ሳታዩት አትቀሩም። የተፈጨ ጥሬ ሥጋ በከረጢት ታሽጎ፣ በረዶ ሆኖ በየሳምንቱ ደጃችሁ ድረስ ይመጣል። ክፍያው ግን የወር ወይም የሦስት ወር ቅድሚያ ነው። ፀጉሩ ያብረቀርቃል፣ ማሳከኩ ይተወዋል፣ ጥርሱ ይነጣል፣ ሐኪም ቤት መመላለስ ይቀራል ይላሉ። እኔ የምለው አጭር ነው፦ ሻጩ በወረቀት ያላረጋገጠላችሁን ቀድማችሁ አትክፈሉ። ውሻ ጥሬ ሥጋ መቅመስ የለበትም ብዬ ልከራከር አልመጣሁም። የማስጠነቅቀው፣ የተሟላ ዕለታዊ ምግብ ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ያልተሟላ ስለሆነና ጣጣው በሙሉ ገዢው ጫንቃ ላይ ስለሚወድቅ ነው።

አብዛኛው ሻጭ የሚመካበት ቀመር አንድ ነው፤ ከመቶ 80 እጅ ሥጋ፣ 10 እጅ አጥንት፣ 10 እጅ የሆድ ዕቃ፣ ከሆድ ዕቃውም ግማሹ ጉበት። ቁጥሩን ላየው የተጠና ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ቀመር ብቻ የሚኖር ውሻ ዚንክ፣ ማንጋኒዝ፣ አዮዲን፣ ቫይታሚን ኢ እና ቫይታሚን ዲ በበቂ መጠን አያገኝም። አጥንቱን ትተው ሥጋ ብቻ የሚያሽጉትማ የባሰባቸው ናቸው። የውሻ ምግብ ለ1 እጅ ፎስፈረስ ከ1 እስከ 2 እጅ ካልሲየም ሊኖረው ይገባል፤ አጥንት የሌለው ሥጋ ላይ ግን ፎስፈረሱ ካልሲየሙን ከ10 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ሰውነት የጎደለውን ካልሲየም ከገዛ አጥንቱ እየመዘዘ ይሞላል። ቡችላ ከሆነ ሳምንታት እንኳ ሊበቁ ይችላሉ፤ ያነክሳል፣ እግሩ ይጎብጣል፣ ከትንሽ ዝላይ በኋላ አጥንቱ ይሰበራል።

አዋቂ ውሻ ላይ ግን ጉድለቱ ለወራት ላይታይ ይችላል፤ የንግዱ ምስጢርም እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ወር ፀጉሩ እውነትም ያበራል፤ ስቡ በዝቶለታልና። ዓይነ ምድሩም ያንሳል፤ አሰሩ ትንሽ፣ አጥንቱ ብዙ ነውና። ገዢው ደስ ብሎት ምስክርነት ይጽፋል፣ ፎቶ ይለጥፋል፣ ለጎረቤቱም ይነግራል። ጣጣው ሲመጣ ገንዘብ የማስመለሻው ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፤ ሕመሙን ከምግቡ ጋር የሚያያይዘውም የለም። ዓይነ ምድሩ ነጭ፣ ደረቅና እንደ ጠመኔ የሚፈረፈር ከሆነ አጥንት በዝቶበታል ማለት ነው፤ ሻጮች ይህንኑ የጤና ምልክት ነው ብለው ሲያሞግሱት አንብቤያለሁ።

ውሻው ሲያስቀምጠው ደግሞ ሌላ መልስ ተዘጋጅቷል፦ «መርዙ እየወጣለት ነው፣ ታገሡት»። አትታገሡ። የሚወጣ መርዝ የለም። ድንገተኛ የምግብ ለውጥ፣ የስብ ብዛት ወይም ጀርም ነው። ደም ከተቀላቀለበት፣ ካስታወከ፣ መብላት ካቆመ ወይም ከደከመ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ስብ የበዛበት ምግብ ቆሽትን ሊያስቆጣ ይችላል፤ ያ ደግሞ ሕይወት ላይ የሚደርስ ነገር ነው።

አንዱን ሻጭ የላቦራቶሪ ውጤት ላክልኝ ብለው የተኩላ ፎቶ ላከልኝ። ውሻ የተኩላ ዘር መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ከሰው ጋር ሲኖር ሆዱም ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው፣ ስታርች የሚፈጨውን ኢንዛይም የሚሠራው ዘረመል ተኩላ ላይ 2 ቅጂ ሲሆን ውሻ ላይ ከ4 እስከ 30 ይደርሳል። ለነገሩ ተኩላም ቢሆን የታሸገ ፍጭ ሥጋ አይበላም።

በረዶ መሆኑ ደግሞ አያታላችሁ። ቅዝቃዜ ባክቴሪያን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም፤ በረዶው ሲቀልጥ ካቆመበት ይቀጥላል። በቅዝቃዜ የደረቀውም ከዚህ አይለይም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2012 ባጠናቀቀው ምርመራ፣ ከ196 ጥሬ የቤት እንስሳት ምግብ ናሙናዎች በ15ቱ ሳልሞኔላ፣ በ32ቱ ሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጂንስ ተገኝቷል። ሥጋ ሲፈጭ ደግሞ ላዩ ላይ የነበረው ጀርም ወደ ውስጥ ይገባል። ውሻው ራሱ ምንም ሳይታመም ሳልሞኔላን በዓይነ ምድሩ ሊያወጣ ይችላል፤ አፉን ልሶ ሕፃኑን ይልሳል። ቤታችሁ ውስጥ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ አዛውንት ወይም በሕክምና ምክንያት የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ካለ እኔ ይህን ነገር ደጄ አላስገባውም ነበር። የሽያጭ ውሉን ግን አንብቡት፤ «ከርክክብ በኋላ ኃላፊነቱ የገዢው ነው» የሚል መስመር አንድ ቦታ ተሸጉጦ ታገኛላችሁ።

ስለ ሥጋው ምንጭ መጠየቅን ሰው ቸል ይለዋል። ለቀናት ቀይ ሆኖ የሚቆይ ርካሽ ሥጋ ሰልፋይት የሚባል ማቆያ ኬሚካል ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ሰልፋይት ቫይታሚን ቢ1ን ያጠፋል፤ እሱ ሲጎድል ውሻው ምግብ ይጠላል፣ ይንገዳገዳል፣ እስከ መንቀጥቀጥም ይደርሳል። የጉሮሮና የአንገት ቁርጥራጭ ሲበዛበት ታይሮይድ ዕጢ አብሮ ይፈጫል፤ በዚህ የተነሳ የታይሮይድ ሆርሞናቸው ከልክ ያለፈ ውሾች በሐኪሞች ተመዝግበዋል። ያልተመረመረ ጥሬ ጉበትና ሳንባ ኤኪኖኮከስ የሚባለውን ትል ለውሻው ያስተላልፋል። ትሉ ውሻውን ብዙም አይጎዳውም፤ እንቁላሉ ግን ከዓይነ ምድሩ ወደ ሰው አፍ ከገባ ጉበትና ሳንባ ላይ ቋጠሮ ይሠራል። ጥሬ የአሳማ ሥጋ ደግሞ አውየስኪ የተባለ ቫይረስ ሊይዝ ይችላል፤ ውሻ ከያዘው አይተርፍም። በመርፌ እንዲሞት የተደረገ እንስሳ ሥጋ ውስጥ የሚቀረው የመግደያው መድኃኒት ፔንቶባርቢታልም በመቀቀል እንኳ አይጠፋም። ስለዚህ «ከየት ታረደ፣ ማን መረመረው» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ጥርስ ያጸዳል ተብሎ አብሮ የሚመረቀው ትልቅ አጥንትም የላይኛውን ትልቅ መንጋጋ ጥርስ ይሰነጥቃል። የጥርሱ ሕክምና ከምግቡ ይበልጥ ያስከፍላል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ጥሬ ሥጋ 70 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው፤ ከአንድ ኪሎው የሚቀረው ደረቅ ነገር 300 ግራም አካባቢ ነው። ደረቁ የውሻ ምግብ ግን በኪሎ 900 ግራም ያህል አለው። «በኪሎ ርካሽ ነው» ሲሏችሁ፣ ውሻችሁ በቀን ስንት ካሎሪ እንደሚያስፈልገውና ያን ለማግኘት ስንት ግራም እንደሚበላ ጠይቁና ዋጋውን በዚያ አስሉት። ብዙ ጊዜ ርካሹ ውድ ሆኖ ይገኛል።

ለመግዛት ከቆረጣችሁ፣ ምግቡ የአሜሪካው የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር (አፍኮ) ወይም የአውሮፓው የቤት እንስሳት ምግብ አምራቾች ማኅበር (ፌዲያፍ) ያወጡትን የንጥረ ነገር መስፈርት ማሟላቱንና ለየትኛው ዕድሜ እንደሆነ በጽሑፍ ይስጧችሁ፤ የቡችላና የአዋቂ አንድ አይደለም። ማሸጊያው ላይ በደቃቅ ፊደል «ተጨማሪ ምግብ» ከተባለ ብቻውን ዕለታዊ ቀለብ እንዳይሆን ራሳቸው አውቀውታል ማለት ነው። ቀመሩን የሠራው ማን እንደሆነ፣ የእንስሳት ሥነ ምግብ ባለሙያ መሆን አለመሆኑን፣ እያንዳንዱ የምርት ምድብ ለጀርም መመርመሩን ጠይቁ። «የተፈጥሮ»፣ «ለሰው የሚሆን»፣ «የአያቶቻችን አመጋገብ» ለሚሉት ቃላት ሳንቲም አትጨምሩ። መጀመሪያም የአንድ ሳምንት ብቻ ግዙ፤ አነስተኛውን አንሸጥም ካሉ ተዋቸው።

ቤት የተሠራ ምግብ ነው የምፈልገው የሚል ካለ፣ የእንስሳት ሥነ ምግብ ባለሙያ ባዘጋጀው ቀመር አብስሎ መስጠት ይችላል፤ ሥጋውን ማብሰል ጀርሙን ያጠፋል፣ የጎደለውን ማዕድን ግን አይተካም፤ ስለዚህ የታዘዘው ማሟያ አይቅር።

ቀድማችሁ ከፍላችሁ ከሆነ ማሸጊያውን አትጣሉ። የምድብ ቁጥሩን፣ የንጥረ ነገር ዝርዝሩንና ደረሰኙን ፎቶ አንሡ። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ሲመገብ የከረመውን በግልጽ ንገሩት፤ የአጥንትና የደም ምርመራውን የሚያዘው በዚያ ላይ ተመሥርቶ ነው። ወደ ሌላ ምግብ ስትመልሱት ከ7 እስከ 10 ቀን ቀስ በቀስ ቀላቅላችሁ ይሁን። የተረፈውን ከረጢት ከሌላው ምግብ ለይታችሁ በፍሪዘር አቆዩት፤ ውሻው ከታመመ ላቦራቶሪ የሚጠይቃችሁ ያልተከፈተውን ነው።