ሞድ ለሚወድ ገዥ የትኛው ጨዋታ ያዋጣል? ስካይሪም፣ ስታርዲው ቫሊና ማይንክራፍት ሲነጻጸሩ

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ የተጫወተ ሰው ሞድ የሚለውን ስም ባይሰማም ነገሩን አይቶታል። የኮናሚ የእግር ኳስ ጨዋታ ፔስ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ስምና አርማ የመጠቀም ፈቃድ ስላልነበረው፣ በቆዩት እትሞቹ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ»፣ ሊቨርፑል ደግሞ «መርሲሳይድ ሬድ» ተብለው፣ ማልያቸውም ሌላ ሆኖ ይቀርቡ ነበር። አንድ ቀን ግን የቤቱ ባለቤት ፍላሽ ይሰካና ጥቂት ከጠበቀ በኋላ ትክክለኛው ስም፣ ትክክለኛው አርማና የዘመኑ ማልያ ይመጣሉ። ያንን ፋይል ኮናሚ አላዘጋጀውም፤ ጨዋታውን የሚወዱ ተጫዋቾች በትርፍ ጊዜያቸው ሠርተው ያካፈሉት ነው። ተጫዋቾች በተሸጠ ጨዋታ ላይ የሚጨምሩት እንዲህ ያለ ማሻሻያ ሁሉ ሞድ ይባላል።

ይህን ያነሣሁት የእህቴ ልጅ ከዳንግላ ደውሎ «ጋሼ፣ ላፕቶፕ ገዝቻለሁ፤ ያለኝ ገንዘብ ለአንድ ጨዋታ ብቻ ነው፣ የትኛውን ልግዛ?» ብሎ ስለ ጠየቀኝ ነው። ለአንድ ጨዋታ ብቻ ገንዘብ ያለው ሰው፣ ሞድ በሰፊው የሚሠራለትን ቢመርጥ ለዓመታት የሚበቃውን ያገኛል ብዬ አምናለሁ። ይሁንና ሞድ የሚቀበሉ ጨዋታዎች በሚጠይቁት ኮምፒውተር፣ በሚበሉት ዳታና በሚሹት ትዕግሥት እጅግ ስለሚለያዩ፣ በደንብ የማውቃቸውን ሦስቱን ጎን ለጎን አቀርባቸዋለሁ። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ዋጋዎቹም ቅናሽ በሌለበት ጊዜ በአሜሪካ ዶላር የሚጠየቁት ናቸው።

ከጨዋታው በፊት መሣሪያው መወሰን አለበት። ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ሰው የስካይሪምን ስፔሻል ኢዲሽን ገዝቶ ሞድ መጫን ይችላል፤ ነገር ግን የሚፈቀድለት ቦታ 1 ጊጋባይት ብቻ ሲሆን፣ ሞዶቹም ከውጭ የመጣ ሥዕልና ድምፅ ሳይጨምሩ በጨዋታው ውስጥ አስቀድሞ ባለው ነገር ብቻ የተሠሩ መሆን አለባቸው። ኤክስቦክስ ዋን 5 ጊጋባይት ይሰጣል፣ የውጭ ይዘትም ይቀበላል። ስታርዲው ቫሊ በኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስ ባለ የጨዋታ ማሽን) ላይ ሞድ የለውም። ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ለመጫወት ብቻ የሚፈልግ ሰው ፕሌይስቴሽን ቢገዛ አልነቅፈውም፤ ሞድ የሚፈልግ ግን ያገለገለም ቢሆን ኮምፒውተር ይግዛ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ስለ ኮምፒውተር ነው።

ቤተስዳ የተባለው ድርጅት የሠራው የጀብዱ ጨዋታ ስካይሪም በኖቬምበር 2011 ወጣ። በፌብሩዋሪ 2012 ድርጅቱ ክሪኤሽን ኪት የተባለውን የጨዋታ መሥሪያ ለተጫዋቾች በነፃ ስለ ለቀቀ፣ ማንኛውም ትጉህ ሰው አዲስ ቤት፣ አዲስ ዋሻ፣ አዲስ ታሪክ ለመጨመር ቻለ። ጨዋታው ሲወጣ የዕቃ ዝርዝሩ ለኮንሶል መቆጣጠሪያ ታስቦ የተሠራ ስለ ነበር፣ በኪቦርድና በማውዝ ለሚጫወት ሰው ከመቶ ዕቃ መካከል አንዱን ፈልጎ ማውጣት አድካሚ ነበር፤ ስካይዩአይ የተባለው ሞድ ዝርዝሩን በዓምድ ከፍሎ፣ በክብደትና በዋጋ የሚደረደር፣ በስም የሚፈለግ አደረገው። መጠኑ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ በሞባይል ዳታ እንኳ ይወርዳል። «አንኦፊሻል ፓች» የተባለው ደግሞ ድርጅቱ ሳያርማቸው የቀሩ በመቶ የሚቆጠሩ ስሕተቶችን ያርማል። እነዚህን ሁለት ሞዶች ሳልጭን ስካይሪምን ለሰው አላሳይም።

ከዚህም የሚልቅ አለ። ሹርአይ የተባለ የጀርመን ቡድን በ2016 ያወጣው ኤንደራል፣ የስካይሪምን ሞተር (ጨዋታውን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም) ብቻ ተጠቅሞ የራሱ ምድር፣ የራሱ ታሪክና የራሱ ድምፅ ያለው ሙሉ ጨዋታ ነው፤ ስካይሪምን ለገዛ ሰው በነፃ ይሰጣል። «ዘ ፎርጎተን ሲቲ» የተባለው ሞድ ደግሞ በ2016 የአውስትራሊያ ደራስያን ማኅበር ሽልማት ካገኘ በኋላ፣ በ2021 ራሱን ችሎ የሚሸጥ ጨዋታ ሆኖ ወጥቷል። አንድ ገዥ በ39.99 ዶላር የሚያገኘው እንግዲህ በ2011 የተጻፈውን ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎች የጨመሩትም ሁሉ የእርሱ ነው።

በስካይሪም ላይ ገዥ የሚሳሳተው በእትሙ ምርጫ ነው። የ2011ዱ እትም 32-ቢት በመሆኑ ከ4 ጊጋባይት በላይ ማህደረ ትውስታ መጠቀም ስለማይችል፣ ሞድ ሲበዛበት ራሱን ይዘጋል። በኦክቶበር 2016 የወጣው ስፔሻል ኢዲሽን 64-ቢት ስለሆነ ከዚህ ችግር ነፃ ነው፤ የሚገዛውም እርሱ ነው። በ2021 የመጣው አኒቨርሰሪ ኢዲሽን በዚያው ላይ በክፍያ የሚጨመር ይዘት እንጂ ለሞድ የሚያስፈልግ መሠረት ስላልሆነ፣ ገንዘብ የሚቆጥብ ሰው ይለፈው። ስፔሻል ኢዲሽን በትንሹ 8 ጊጋባይት ራም፣ 12 ጊጋባይት የዲስክ ቦታና ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ይጠይቃል፤ ባለ 4 ጊጋባይት ራም ላፕቶፕ የያዘ ሰው በዚህ ጨዋታ ላይ ገንዘቡን ባያወጣ እመክራለሁ።

ስካይሪም ትዕግሥት ይጠይቃል። በኖቬምበር 2021 የወጣው ዝማኔ በስክሪፕት ኤክስቴንደር (ለሞዶች ተጨማሪ አቅም በሚሰጥ ነፃ ፕሮግራም) ላይ የቆሙትን ሞዶች ሁሉ በአንድ ቀን ሥራ አስፈትቷቸው ነበር፤ ስለዚህ ስቲም በተባለው የኢንተርኔት ጨዋታ መደብር ላይ ጨዋታው ሲከፈት ብቻ እንዲዘምን ማድረግና ሁልጊዜ በኤክስቴንደሩ በኩል መክፈት ይገባል። የሞዶቹ ቅደም ተከተልም ወሳኝ ነው። ሁለት ሞዶች አንዱን ነገር ሲለውጡ ኋላ የተጫነው ያሸንፋል። እኔ ራሴ በጨዋታ መካከል አንድ ሞድ አውጥቼ የስድስት ሳምንት ሴቭ (ተቀምጦ የነበረ ጨዋታ) አበላሽቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ከመጀመሬ በፊት ሞዶቼን እወስናለሁ፣ ከጀመርኩ በኋላ አላወጣም። ሞድ ኦርጋናይዘር የተባለው ፕሮግራም የጨዋታውን ፎልደር ሳይነካ ሞዶቹን ለብቻቸው ስለሚይዝ፣ ጀማሪ ከእርሱ ቢጀምር ብዙ ጥፋት ይድናል።

ስታርዲው ቫሊ በጠባዩ የስካይሪም ተቃራኒ ነው። ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ ለብቻው ከአራት ዓመት በላይ ሠርቶ በፌብሩዋሪ 2016 ያወጣው የእርሻ ጨዋታ ሲሆን፣ ዋጋው 14.99 ዶላር፣ በትንሹ የሚጠይቀው 2 ጊጋባይት ራምና 500 ሜጋባይት የዲስክ ቦታ ነው። የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ያለ ምንም ችግር ይሸከመዋል። በጨዋታው አራት ወቅቶች አሉ፤ እያንዳንዱ 28 ቀን ነው፤ በወቅቱ ያልተሰበሰበ ሰብል ወቅቱ ሲለወጥ ይደርቃል። ድንች በስድስት ቀን ይደርሳል። ሰከላ ላይ ድንች ሲተከልና ሲኮተኮት እያየ ላደገ ልጅ ስድስት ቀን የሚያስገርም ነው፤ የሞዱ ነገርም የሚጥመው እዚህ ላይ ነው።

የስታርዲው ሞዶች ስማፒ በተባለ ነፃ ፕሮግራም በኩል ይሠራሉ፤ ስማፒ የጨዋታውን ፋይሎች ስለማይቀይር፣ ማውረድና ማንሣት ጨዋታውን አያበላሽም። በእርሱ ላይ ኮንቴንት ፓቸር የሚባል ሞድ ሲጨመር፣ ፕሮግራም መጻፍ የማይችል ሰው እንኳ ተራ የጽሑፍ ፋይል እያረመ የሰብሉን ስም፣ ሥዕልና የመድረሻ ቀን መለወጥ ይችላል። በማርች 2024 ከወጣው 1.6 እትም ወዲህ አዲስ ሰብል መጨመርም በዚሁ መንገድ ይቻላል። አንድ የፍኖተ ሰላም ተማሪ ጤፍና ዳጉሳ በሥዕል ሠርቶ፣ በስንት ቀን እንደሚደርሱ ወስኖ፣ በጨዋታው የዘር ሱቅ ውስጥ ሊያስገባቸው ይችላል። ከዚህም በላይ ከ1.5.5 እትም ጀምሮ ጨዋታው በሞድ አዲስ ቋንቋ ይቀበላል፤ የግእዝ ፊደል ቅርጽ አብሮ ማዘጋጀት ይጠይቃል፣ ጽሑፉም ብዙ ነው፣ ግን መንገዱ ክፍት ነው። ልጆቻችን ጨዋታን በራሳቸው ቋንቋ እንዲያነቡት ለሚመኝ ሰው፣ እኔም አንዱ ነኝ፣ ከሦስቱ መካከል ስታርዲውን የምመርጥበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

ሌሎች የሠሩትን ብቻ መጠቀም ለሚፈልግም ሞልቷል፤ ስታርዲው ቫሊ ኤክስፓንድድ የተባለው አዳዲስ ሰዎች፣ ስፍራዎችና ታሪኮች ስለሚጨምር ጨዋታውን ጨርሶ ለተወው ሰው እንኳ እንደገና ያስጀምረዋል። የሞዶቹ መጠን በአመዛኙ ትንሽ ነው። ከ1.5 እትም ጀምሮ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ማያ ገጹን ከፍለው ሁለት ሰዎች መጫወት ስለሚችሉ፣ ለወንድማማቾች አንድ ቅጂ ይበቃል። ጉድለቱ ጨዋታው የሚያስቀምጠው ገበሬው ሲተኛ ብቻ መሆኑ ነው፤ ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ ላይ መብራት ቢጠፋ የዚያ ቀን ሥራ ሁሉ ይቀራል። ስካይሪም በፈለጉት ሰዓት ይቀመጣል፣ ማይንክራፍትም በየጊዜው ራሱን ያስቀምጣል።

በብሎክ ዓለም የሚገነባበት ጨዋታ ማይንክራፍት በሁለት ዓይነት ይመጣል፤ ልዩነቱን ሳያውቅ የሚገዛ ብዙ ሰው አለ። ጃቫ ኢዲሽን በኮምፒውተር ብቻ የሚሠራ፣ ፎርጅና ፋብሪክ በተባሉ መጫኛዎች በኩል እጅግ ብዙ ነፃ ሞዶች የሚቀበል ነው። ቤድሮክ በስልክና በኮንሶልም የሚሠራው ሲሆን፣ ተጨማሪ ይዘቱ በአብዛኛው በጨዋታው ባለቤት ድርጅት ገበያ በክፍያ የሚገኝ፣ ከጃቫው ጋር ሲወዳደር የተገደበ ነው። ከጁን 2022 ጀምሮ ለኮምፒውተር ሁለቱ አብረው በ29.99 ዶላር ስለሚሸጡ ኮምፒውተር ያለው ገዥ አይቸገርም፤ ለስልክ የገዛ ሰው ግን ጃቫውን አላገኘም።

ለእኛ አገር ኮምፒውተሮች ማይንክራፍት የሚሰጠው ልዩ ጥቅም ፍጥነት ነው። ሶዲየም የተባለው ሞድ ጨዋታው ምስል የሚሥልበትን መንገድ በአዲስ ስለሚተካ፣ በደካማ ላፕቶፕ ላይ የሚቆራረጠውን ጨዋታ በግልጽ በሚታይ መጠን ያፈጥነዋል። ሞድ ኮምፒውተርን እንደሚያከብድ ብቻ ለሚያስብ ሰው ይህን አሳየዋለሁ። አስቸጋሪው የእትም ነገር ነው፤ ለ1.20.1 የተሠራ ሞድ በአመዛኙ በ1.21 ላይ አይሠራም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈለጉትን ሞዶች መርጦ እትሙን ከእነርሱ ጋር ማስማማት ይገባል። በቤት ውስጥ ኔትወርክ ያለ ኢንተርኔት አብሮ መጫወት ቢቻልም፣ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ቅጂ መግዛት አለበት።

ጂቲኤ 5ን ብዙዎች ይጠይቁኛል። ከተማውን፣ መኪናውን፣ አየሩን የሚለውጡ ድንቅ ሞዶች አሉት፤ ግን ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሚይዝ በእኛ ኢንተርኔት ማውረዱ ብቻ ትልቅ ወጪ ነው፤ ሞድ ጭኖ በኦንላይኑ የገባ ሰውም ይታገዳል። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው አልመርጠውም።

ሞድ በፍላሽ መዋዋስ በከተሞቻችን የተለመደ ቢሆንም አደጋ አለው። በጁን 2023 በታወቁ የማይንክራፍት ሞድ መደብሮች ላይ ሳይቀር የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ቫይረስ በሞዶች ውስጥ ተገኝቶ ነበር፤ ታዋቂ ቦታ እንዲህ ከሆነ፣ ከየት እንደ መጣ ያልታወቀ ፍላሽ ምን ሊይዝ እንደሚችል ገዥው ያስብ። አንድ ጓደኛ ከዋናው ገጽ አውርዶ ለሌሎች ቢያካፍል ዳታውም ይቆጠባል፣ ምንጩም ይታወቃል። በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ የተጠቀሙት አስቀድመው አውርደው በሃርድ ዲስክ ያኖሩ ናቸው፤ ለዚህም ስካይሪምንና ስታርዲውን ጎግ ከተባለው መደብር መግዛት ይመረጣል፣ ምክንያቱም መጫኛው ፋይል በእጅ ይቀራል፣ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይጫናል።

ስቲም በብር ስለማይሸጥ፣ ብዙው ሰው የሚገዛው ውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል ነው። ዘመድን ከማስቸገር በፊት የቅናሹን ወቅት መጠበቅ ይበጃል፤ በሰኔ መጨረሻና በታኅሣሥ በሚደረገው ሽያጭ ስካይሪም ብዙ ጊዜ ከግማሽ ዋጋው በታች ይወርዳል፤ ማይንክራፍት ጃቫ ግን በስቲም አይሸጥም። ስቲም በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ለተጫወተ ሰው ገንዘቡን ይመልሳል። ስለዚህ ለእህቴ ልጅ የነገርኩት ይህን ነው፦ ስታርዲውን ግዛ፤ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ምንም ሞድ ሳትጭን ተጫወት፤ ላፕቶፕህ ከተሸከመው ስማፒን ጫን፣ ከዚያ የድንቹን ፋይል ክፈትና ስድስቱን ቀን በአንተ ልክ ለውጠው።