ከሽምግልና በኋላ የከፈልንበት ምክር

ደሴ፣ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወደሚሠራ አንድ የትዳር ምክር አገልግሎት ባለፈው ክረምት ከባለቤቴ ጋር 6 ጊዜ ተመላልሰናል። ከታች የማነሣው ቅሬታ ስላለኝ የቢሮውን ስም አልጠቅስም። ለአንድ ሰዓት የሚጠየቀው 600 ብር እንደ እኔ ላለ ደመወዝተኛ ቀላል አይደለም፤ ሆኖም ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ተቀምጦበት ያልተቋጨው ነገራችን ምን እንደ ሆነ ያወቅነው እዚያ ነው።

ሽማግሌን ለመንቀፍ አይደለም። በወሎ ወግ ሼሁም ቄሱም ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ማን እንዳጠፋ አጣርተው፣ አፉ አባብለው ያስታርቃሉ፤ በዚህም ከችሎት ደጅ የተመለሰ ትዳር ብዙ ነው። ነገር ግን ሽምግልና የሚዳኘው የተነሣውን ጠብ እንጂ ጠቡ የሚነሣበትን መንገድ ስላልሆነ፣ በእኛ ቤት ቡናው ተጠጥቶ ሽማግሌዎቹ ከወጡ ወር ሳይሞላ ያው ነገር ሌላ ሰበብ ይዞ ይመለስ ነበር።

ወጣቷ አማካሪ በመጀመሪያው ቀን ጥፋተኛ አልፈለገችም። ስንጣላ የመጀመሪያው ቃል ከማን እንደሚወጣ፣ ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚሆን ብቻ ጠየቀችን። እኔም እንደማልሳደብ፣ እጄን እንደማላነሣ፣ ሲከፋኝ ዝም እንደምል ኮራ ብዬ ተናገርሁ። ባለቤቴ ግን «አራት ቀን ሳያናግረኝ የሠራሁትን ሲበላ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። አሥራ አንድ ዓመት ትዕግሥት ስለው የኖርሁት ለካ ኩርፊያ ኖሯል።

አማካሪዋ የአሜሪካዊውን የሥነ ልቦና ተመራማሪ የጆን ጎትማንን ሥራ ያነሣችልን በዚሁ ጊዜ ነው። ጎትማን የባልና ሚስትን ንግግር ለዓመታት ተከታትሎ ትዳርን ወደ ፍቺ የሚገፉ 4 ጠባዮችን ለይቷል፤ እነዚህም ጠባይን እየነቀሱ መውቀስ፣ ንቀት፣ ለሁሉም ነገር ማስተባበያ ማቅረብና ኩርፊያ ሲሆኑ፣ ከሁሉም የከፋው ንቀት ነው። የሚያኮርፍ ሰው ብዙ ጊዜ ውስጡ የተረጋጋ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ልቡ እየመታ ማሰብ እንደሚያቅተው ስትነግረን ራሴን አገኘሁት። መፍትሔው ቢያንስ 20 ደቂቃ ገለል ብሎ መረጋጋት ነው፤ ግን መቼ እንደሚመለሱ ተናግሮ። ይህች መመለሻን የመናገር ነገር ቀላል ትመስላለች፤ ለእኔ ግን ከስድስቱም ቀን ትምህርት ከባዷ እሷ ነበረች።

ከኩርፊያው ሥር ገንዘብ ነበር። ባለቤቴ እንደ ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ዓረብ አገር ሄዳ 3 ዓመት ሠርታለች፤ ከላከችው ከፊሉን ሳላማክራት ለወንድሜ ሱቅ ማስነሻ ሰጠሁ። ሽማግሌዎቹ ብሩ የሚመለስበትን ቀን ቆርጠው ጉዳዩን ዘጉት። አማካሪዋ ግን ብሩን ወደ ጎን ትታ፣ ባለቤቴ በሌለችበት በገዛ ቤቷ ጉዳይ መወሰኑን እንድንነጋገርበት አደረገች። ሕጉም ቢሆን ያለው ከእሷ ጋር ነው፤ የቤተሰብ ሕጉ ባልና ሚስት በየግል ጥረታቸው የሚያገኙትን ገቢ የጋራ ሀብት ያደርገዋል። አሁን በየወሩ መጨረሻ ደብተር ይዘን እንቀመጣለን፤ ከ2,000 ብር በላይ የሆነ ወጪም ሁለታችን ሳንስማማ አይወጣም።

ወደ ቅሬታዬ ስመጣ፣ የመጠበቂያው ክፍል ጠባብና ግድግዳው ስስ ስለሆነ በውስጥ የሚባለው በውጭ ይሰማል፤ ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። በሁለተኛው ቀን የሰፈራችንን ሰው እዚያው ወንበር ላይ አግኝተን፣ መታወቂያ ልናሳድስ የመጣን መስለን ሰላምታ ተለዋወጥን። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስንት ቤተሰብ እንደ ተበታተነ እየታወቀ፣ የሚሞላው ቅጽ ስለ መፈናቀል አንድም ጥያቄ የለውም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ስድስቱንም ጊዜ ያነጋገሩን ሁለታችንን አንድ ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ዱላ ያለበት ቤት ሴቲቱ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ እውነቱን አትናገርም፤ ብትናገርም የምትመለሰው ወደዚያው ቤት ነው። ስለዚህ እንደ እኛ በኩርፊያና በገንዘብ ለሚጋጩ፣ የፍቺ ማመልከቻ ከማስገባታቸው በፊት እንዲሄዱ እመክራለሁ፤ እጅ ለሚነሣባት ግን ቢሮው እያንዳንዱን ለየብቻ ማነጋገር እስኪጀምር ድረስ አልመክርም። ይህንኑ ለአማካሪዋ ነግሬያታለሁ፤ ማስታወሻዋ ላይ ጽፋዋለች።