አልፓይን ሊኑክስ፦ ዳታ ቆጥቦ ሰዓት የሚበላ

አልፓይን ትንሽ ቦታ የሚይዝ የሊኑክስ ዓይነት ነው። የዶከር ምስሉ (ፕሮግራም ከነሚያስፈልገው ታሽጎ የሚሠራበት ጥቅል መነሻ) ሲወርድ 4 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ የሌላው ሊኑክስ፣ የደቢያን፣ ቀለል ያለው ምስል «ስሊም» ወደ 30 ሜጋባይት ይጠጋል። መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ተቀምጦ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ልዩነቱ ያጓጓል። ጎ (Go) በሚባለው ቋንቋ ለተጻፈ ፕሮግራም ከሆነ ሳታመነቱ ውሰዱት፤ ሲጎን (ጎን ከሲ ኮድ ጋር የሚያገናኘውን) አጥፍታችሁ ከገነባችሁት ከሲ ላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮግራሞች ከሥር ከሚደገፉበት የፈንክሽኖች ስብስብ፣ ጋር ጉዳይ የለውም። ለፓይተን፣ በተለይ አማርኛ ለሚያትም ሲስተም ግን አልመክርም።

ጣጣው ያለው ከሥር ነው። ደቢያንና ኡቡንቱ የቆሙት በጂሊብሲ ላይ ሲሆን አልፓይን ከ2014 ጀምሮ የያዘው ሙስልን ነው። ሁለቱም የሲ መደበኛ ላይብረሪ ናቸው፤ አንዱ ላይ የተገነባው ግን ሌላው ላይ እንዲሁ አይነሳም። ኡቡንቱ ላይ የገነባችሁትን ፋይል አልፓይን ውስጥ ስታስነሱት «ኖት ፋውንድ» ይላል። ፋይሉ ቁጭ ብሏል፣ ፈቃዱም ትክክል ነው። የጠፋው ፋይሉ የሚጠራው የጂሊብሲ ጫኝ (ፕሮግራሙን ከላይብረሪው ጋር አገናኝቶ የሚያስነሳው) ነው፤ ሪድኤልፍ በሚባለው የፋይል መመርመሪያ ትእዛዝ ብታዩት ስሙ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አልፓይን ላይ የጂሊብሲን ቦታ የሚሸፍነው ጂኮምፓት የሚባለው ጥቅል አንዳንዱን ያስነሳል፣ ሁሉንም አይደለም።

የፓይተን ጥቅሎችን በሚጭነው ፒፕ ላይ ደግሞ «ሜኒሊኑክስ» የሚል መለያ ያላቸው ጥቅሎች የተዘጋጁት ለጂሊብሲ ነው። ለሙስል የሚሆነው «ሙስልሊኑክስ» የመጣው በ2021 ነው። የሲ ኮድ ያለበት ጥቅል ለሙስል የተዘጋጀ ከሌለው ፒፕ ምንጭ ኮዱን አውርዶ ሊገነባ ይነሳል፤ ለግንባታው ጂሲሲ (የሲ ኮምፓይለር)፣ የሙስል ዴቭ ጥቅልና የፓይተን ሄደሮች ይጠየቃሉ። የቆጠባችሁት ዳታ እዚያው አለቀ። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ያ የዶከር ግንባታ እርከን እንደገና ከሀ ይጀመራል።

ለአማርኛ የሚከፋው ሎካሉ፣ ማለትም ቀንና የመሳሰሉት በየትኛው ቋንቋ እንደሚጻፉ የሚወስነው መረጃ፣ ነው። ጂሊብሲ የኢትዮጵያ አማርኛ ሎካል አለው፤ ቀን የሚጽፈው ስትራፍታይም የተባለው ፈንክሽን «ሰኞ»፣ «ማክሰኞ» ብሎ ያትማል (ወሩ ግን የፈረንጅ ነው፣ መስከረምን ከዚህ አትጠብቁ)። ሙስል የሎካል መረጃ ይዞ አይመጣም። ከዚህም የሚብሰው፣ የአማርኛውን ሎካል ስትጠሩ እሺ ብሎ ይቀበልና የምታትሙት ደረሰኝ ላይ «መንደይ» ብሎ በእንግሊዝኛ ያወጣል። ደቢያን ቢያንስ ሎካሉ ካልተጫነ ፓይተን ላይ ስህተት ይጥላል። እዚያ መፍትሔው አጭር ነው፦ ሎካልስ የሚባለውን ጥቅል ጫኑ፣ ሎካል ጄን ፋይል ውስጥ የአማርኛው መስመር ፊት ያለውን # አንሱ፣ ሎካል ጄንን አስኪዱ። የስም ዝርዝር መደርደር ላይ ግን ሙስልም ብዙ አይጎዳም፤ የዩኒኮድ ቁጥሮች ራሳቸው ሀ ለ ሐ መ ብለው ነው የሚሄዱት።

ዲኤንኤስ (የኮምፒውተር ስምን ወደ አድራሻ ቁጥር የሚቀይረው አገልግሎት) ላይም ሙስል የተጻፉለትን ሰርቨሮች ሁሉ እኩል ጠይቆ ቀድሞ የመጣውን መልስ ይይዛል። የቢሮውን ዲኤንኤስና የውጭውን ጎን ለጎን ከጻፋችሁ፣ የውጭው «የለም» ብሎ ሲቀድም የቢሮው ፕሪንተር ስም ይጠፋል። የቢሮውን ብቻ ጻፉ። ከ3.18 በፊት ያለውን አልፓይንም ተዉት፤ በ2023 የወጣው ሙስል 1.2.4 እስኪገባ ድረስ ትልቅ የዲኤንኤስ መልስ ለመቀበል የሚያስፈልገውን የቲሲፒ ግንኙነት አይጠቀምም ነበር።

እንዲህ ባለው ልዩነት ላይ ያለው ክርክር ዛሬም አላለቀም። የሙስል ሰዎች ፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ መስፈርት) ያለውን እንሠራለን ባዮች ናቸው። የስህተት መልእክት የሚያወጣው ስትርኤረር አር የተባለው ፈንክሽን በፖዚክስ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ይመልሳል፣ በጂሊብሲ የግኑ ቅጂ ግን የጽሑፍ ፖይንተር (ጽሑፉ ያለበትን አድራሻ)፤ ፖይንተር ጠብቆ የተጻፈ ኮድ ሙስል ላይ ይወድቃል። ኮዱ የትኛው ላይብረሪ ላይ እንዳለ እንዳይለይ ደግሞ ሙስል ራሱን የሚያስታውቅ ማክሮ (ኮዱ ሲገነባ የሚነበብ ምልክት) ሆን ብሎ አላስቀመጠም። መርሁ ገብቶኛል፤ ሌሊት ሲስተም ለሚያስነሳ ሰው ግን አይረዳም።

ዳታው ካሳሰባችሁ ደቢያን ስሊምን ደብረ ብርሃን ላይ አንዴ በዋይፋይ አውርዱ፣ በዶከር ሴቭ ትእዛዝ ወደ ፍላሽ ገልብጡ፣ ሸዋ ሮቢት ያለው ማሽን ላይ በዶከር ሎድ ጫኑት።