ነባሩን መጋፈጥ ወይስ ክፍት ወንበር መጠበቅ?

አንድ የአሜሪካ ስቴት ምክር ቤት አባል ዋሽንግተን ወዳለው የፌዴራሉ ኮንግረስ መግባት ሲያምረው የቱ ይሻለዋል? ባራክ ኦባማ ሁለቱንም ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1996 የኢሊኖይ ስቴት ሴናተር ሆኖ ተመረጠ፤ በ1998 እና በ2002ም ደገመው።

ነባሩን መጋፈጥ፦ በ2000 ከ1993 ጀምሮ የፌዴራሉን ተወካዮች ምክር ቤት ወንበር የያዘውን ቦቢ ረሽን በፓርቲያቸው ቅድመ ምርጫ ገጠመው። ሕዝቡ ረሽን ያውቀዋል፣ ኦባማን ገና ነው። በሰፊ ልዩነት ተሸነፈ። ኪሱም ተራቆተ፤ በዚያው ዓመት ለፓርቲው ጉባኤ ሎስ አንጀለስ ወርዶ መኪና ሊከራይ ሲል ክሬዲት ካርዱ እምቢ አለው፣ ይህቺን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴን ትበላኛለች። ደግነቱ የስቴት ወንበሩ በዚያ ዓመት ለምርጫ ስላልቀረበ አላጣውም።

ክፍት ወንበር፦ በ2004 ኢሊኖይን በፌዴራሉ ሴኔት የሚወክለው ፒተር ፊትዝጄራልድ ዳግም አልወዳደርም አለ። ተፎካካሪ ይበዛል፣ መላው ስቴት ስለሚዞርም ገንዘብ ይፈጃል። ግን የሚነቀል ነባር የለም። ኦባማ 70 በመቶ አግኝቶ አሸነፈ።

ነባሩ ከሕዝቡ ከተጣላና የያዝከው ወንበር የማይነካ ከሆነ ግባበት። ስምህ ከሰፈርህ ካልወጣ ወይም ዕዳ ካለብህ ግን ክፍቱን ጠብቅ።