የማቀዝቀዣ ጋዝ ፍሳሽ፦ በእጅ ፍተሻ ወይስ ቋሚ ሴንሰር?

አር-404ኤ የተባለው የማቀዝቀዣ ጋዝ አንድ ኪሎ ሲፈስ ወደ 3,900 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ከባቢ አየርን ያሞቃል። ቁጥጥሩ የጠበቀውም ለዚህ ነው።

ወጪ፦ ለእጅ ፍተሻ ተንቀሳቃሽ ዲቴክተር (ጋዝ ጠቋሚ)፣ የሳሙና አረፋና መዝገብ ይበቃሉ። ሴንሰር (ጋዝ ሲፈስ ራሱ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ) ግዢ፣ ተከላና ካሊብሬሽን (የልክ ማስተካከያ) አለበት።

አደጋ፦ ልዩነቱ የሚሰፋው እዚህ ነው። ዛሬ ደህና የነበረ መገጣጠሚያ ነገ በኮምፕረሰሩ (ጋዙን በሚጨምቀው ማሽን) ንዝረት ቢላላ፣ በእጅ ፍተሻ ብቻ የሚተማመን ሰው እስከ ቀጣዩ ዙር ላያውቅ ይችላል። ሴንሰር ቶሎ ይጮሃል፤ ጣሪያ ላይ ባለ ኮንደንሰር (ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ክፍል) ግን ነፋሱ ጋዙን ስለሚበትነው እሱም ይሸወዳል። ደግሞ መፍሰሱን እንጂ የትኛው ብየዳ ላይ እንደሆነ አይነግርም። ለዚያ ያው የቴክኒሻኑ አረፋ ነው የሚያስፈልገው!

ሕግ፦ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ፣ ቋሚ ማቀዝቀዣ የያዘው ጋዝ 500 ቶን ካርቦን አቻ (ማለትም 500 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል የማሞቅ አቅም) ከደረሰ (በአር-404ኤ 128 ኪሎ ገደማ) ሴንሰር ግዴታ ነው። ከዚያ በታች ሴንሰር ያስገጠመ ሰው በፍተሻዎች መካከል ያለው ጊዜ በእጥፍ ይረዝምለታል። የተሞላውን ጋዝ በኪሎ መመዝገብ ግን ከሁለቱም አይቀርም።

ጥቂት ትንንሽ ማሽኖች ላለው የእጅ ፍተሻ ያዋጣል። ሰው የማይገባበት የማሽን ክፍልና ረጅም የቧንቧ መስመር ያለው፣ ሕጉ ባያስገድደውም ሴንሰር ቢያስገጥም ይሻለዋል።