የእህቴን ሰርግ የመጠጥ ጠረጴዛ ላዘጋጀችልን ልጅ

ከጥምቀት በኋላ ታናሽ እህቴን ዳርን። ድካሙ እስካሁን ከጉልበቴ አልወጣም። ይህን ምስጋና ሳልጽፍ ብቀር ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሐሳቡ የሙሽራው ነበር። አንድ ጥግ ላይ ጠረጴዛ ይዘርጋ፣ የአገር ቤቱም የፋብሪካውም መጠጥ ይደርደር፣ ሰው እየሄደ በትንሽ በትንሹ ራሱ ቀድቶ ይቅመስ አለ። ሴልፍ ሰርቪስ መሆኑ ነው። ምግቡ በቡፌ ከተነሳ መጠጡን ምን ያግደዋል? ሲወራ ቀላል ነበር።

መጀመሪያ ያገኘነው ሰው የዋጋውን ግማሽ ቀብድ ተቀበለን። የሠራቸውን ጠረጴዛዎች በስልኩ አሳየን፣ ሲያምሩ! ሰርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ስልኩ ዝግ ሆነ። እስከ ዛሬም ዝግ ነው። ብሩን ትቼዋለሁ። ያቃጠለኝ "እህቴ፣ አንቺ ምንም አታስቢ" ያለኝ ነው። እኔም አላሰብኩማ!

ሁለተኛው ባሰ። እሱስ ቤት ድረስ መጥቷል። እማዬ የዚያኑ ቀን ከአርሲ ነገሌ ገብታ ነበር፣ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ዳግም አረቄ ይዛ። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ አቅፋው ነው የመጣችው። ሰውየው ጀሪካኑን አየና ሳቀ። "ይሄን ለጥበቃዎቹ ስጧቸው፣ ሰርጉን አረቄ ቤት አታስመስሉት" አለ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ሰማችው። ምንም አልተናገረችም። ማታ ጀሪካኑን ጓዳ ውስጥ ከከሰሉ ጆንያ ጀርባ ተደብቆ አገኘሁት።

እማዬ አራታችንን ያሳደገችው በአረቄ ነው። እኛ ሰፈር ብዙ እናቶች እንደዚያ ናቸው። ጌሾውንና ብቅሉን ትጠነስሳለች፣ ድፍድፉ ሲደርስ እሳት ላይ ትጥደዋለች፣ ከዚያ ጠብ ጠብ እስኪል ቁጭ ነው። አንዴ የወጣው ተራ ነው። ተመልሶ ተጥዶ የሚወጣው ዳግም ይባላል፣ ጉሮሮ የሚልጠው እሱ ነው። ጭሱ ዓይኗን ጎድቶታል። ደብተራችን፣ ጫማችን፣ የእኔ የምርቃት ልብስ ሳይቀር ከዚያ ጭስ የወጣ ነው። ሙሽሪትም የተማረችው በዚያው ነው። ታዲያ የእሷ ሰርግ በምኑ ነው በአረቄ የሚቀለው?

ሦስተኛዋን የጠቆመችን የሥራ ባልደረባዬ ናት። ልጅቷ ሆቴል ባር ውስጥ ስትሠራ ቆይታ አሁን በራሷ ነው የምትሠራው። ገና ወጣት ናት። እውነቱን ለመናገር ሳያት ልቤ አልሞላም ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖብኝ ነው።

ስለ ቀብድ አላነሳችም። ስንት ሰው ነው የተጠራው? ልጆች አሉ? ምግቡ ስንት ሰዓት ይነሳል? እያለች ጠየቀች። ከዚያ "ከቤተሰብ የሚመጣ መጠጥ አለ?" አለች። እማዬ መሬት መሬት አየች። እኔ "አረቄ ነበር፣ ግን..." ብዬ ሳልጨርስ "የታለ? እስቲ ላሽትተው" አለች። አወጣሁት። መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ አሸችው፣ አሸተተችው፣ ቀመሰች። ከዚያ ወደ እማዬ ዞራ "እማማ፣ ይሄን ድፍድፉን ስንት ቀን አቆዩት?" አለቻት።

በቃ። ሁለቱ ስለ ጌሾና ስለ እሳት ጨዋታ ያዙ። ግማሹ አልገባኝም። እማዬ ግን ከመጣች ያልሳቀችውን ሳቀች።

የሰርጉ ቀን ጠረጴዛው ከቡፌው አጠገብ ተዘረጋ፣ ሰው በባዶ ሆዱ እንዳይጠጣ ብላ ነው። ከቀላሉ ይጀምራል፦ ጠጅ፣ ከዚያ ኡዞና ጂን፣ ከዚያ ዊስኪ፣ መጨረሻ ዳግም። ለማይጠጡት ብርዝ። ብርጭቆዎቹ ከመለኪያም ያነሱ ናቸው። ጠርሙሶቹ አፍ ላይ የሰካችው ነገር አለ፣ ስሙን ነግራኝ ነበር፣ ብቻ ስታዘነብሉት ትንሽ ቀድቶ ያቆማል። ዳቦ ቆሎ በሰፌድ፣ ውሃ በጆግ። የእማዬ አረቄ ከጀሪካን ወጥቶ በሚያምር የመስታወት ጠርሙስ ከሁሉም ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ካርዱ ላይ በእጇ ጽፋለታለች፦ "የሙሽሪት እናት ዳግም፣ ከአርሲ ነገሌ። በቀስታ!"

ጠረጴዛው ሊከፈት ሲል እማዬን እጇን ይዛ አመጣቻት። "እማማ፣ እርስዎ ሳይቀምሱ ማንም አይቀዳም" አለቻት። ያው የአገራችን ደንብ ነው፣ የሚቀዳው ሰው ቀድሞ ይቀምሳል። አዳራሽ ውስጥ ግን ማን ያስታውሰዋል? እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ቀመሰች። ቀጥለው የሙሽራው አባት ተነሱ። ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉና "ይሄን ያወጣ እጅ ይባረክ" አሉ። ከዚያ በኋላ ሰልፍ ነው። ዊስኪው ግማሹ ተረፈ፣ ዳግሙ ጠብታ አልቀረም።

ሴልፍ ሰርቪስ ነው ብላም ጥላን አልሄደችም። ጎረምሶች ሲመጡ ዕድሜ ትጠይቃለች። በ2011 የወጣው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል፣ "እዚህ ባይሸጥም እኔ የምሠራው በዚያው ነው" አለችኝ። አንዱ አጎቴ (ራሱን ያውቃል) ሲመላለስ ውሃ አስጨበጠችው፣ እያጫወተች ወደ ጥሬ ሥጋው ወሰደችው፣ የመኪና ቁልፉንም ለልጁ አሰጠችው። ያውም ሳይቀየም! ኬኩ ሲቆረጥ ጠረጴዛውን አነሳች፣ የተረፈውን ጠርሙስ አንድ በአንድ ቆጥራ አስረከበችን። ዋጋዋ ደግሞ ስልኩን ከዘጋው ሰውዬ ያንሳል።

እማዬ ወደ ነገሌ ስትመለስ ባዶውን ጠርሙስ ከነካርዱ ይዛው ሄደች። ልጅቷ ናት "ይውሰዱት" ያለቻት። አሁን ሳሎን፣ ከምርቃት ፎቶዬ ጎን ቆሟል።

ሰርግ፣ መልስ፣ ምርቃት ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህችን ልጅ አሠሯት። እኔ እንደተቃጠልኩት አትቃጠሉ። ስልኳን አደባባይ ላይ አልጽፍም፣ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ከፋሲካ በኋላ ለመደገስ ያሰባችሁ ዛሬውኑ ደውሉላት፣ ቀኗ ቶሎ ነው የሚያዘው።