«የቤት ስልክ» ተብዬ 18,500 ብር ተበላሁ፣ ድሬ ያላችሁ በተለይ ከውጪ የገባችሁ ተጠንቀቁ

አሁን ከሱቁ መመለሴ ነው፣ ሻሼን እንኳን ገና አላወለቅኩም፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምፅፈው ፊደል ብስት አትፍረዱብኝ።

ከጅዳ ከመጣን አራት ወራችን ነው። እኔ እዛው ነው ተወልጄ ያደግኩት፣ እናቴ ኡሚ የድሬ ልጅ ናት ግን ከወጣች ሰላሳ አመት አልፏታል፣ ስለዚህ ለኔም ለሷም አዲስ አገር በሉት። ሳቢያን ሰፈር ቤት ተከራየን፣ ፍሪጅ ገዛን፣ ቬንትሌተር ገዛን፣ ከዛ ኡሚ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ፣ የቤት ስልክ። ሞባይል አይሆንላትም፣ ስኳር አይኗን አድክሞታል፣ ስክሪኑን ስትነካካ ትዘጋዋለች ከዛ ትናደዳለች። ጅዳ ሳሎን ውስጥ ቀፎው የሚነሳ ስልክ ነበረን፣ ሲጮህ ሄዳ ታነሳለች በቃ። ወንድሜ እዛው ስለቀረ ማታ ማታ ድምፁን እንድትሰማ ነው ሌላ ምንም አይደለም።

ሰውየውን ታውቁታላችሁ፣ አይነቱን ማለቴ ነው። ታይዋን የሚባለው ገበያ አካባቢ ጠባብ ሱቅ፣ ከላይ እስከ ታች ቻርጀርና ከቨር የተሰቀለባት፣ ገና ስትገቡ «ውሃ አምጡላት ሙቀቱ አልለመዳትም» የሚል፣ አፋችሁን ስትከፍቱ ከየት እንደመጣችሁ የሚያውቅና ወዲያው አረብኛ ጣል ጣል የሚያደርግ። «ቴሌ ሄደሽ አትንከራተቺ፣ ፋይዳ እንኳን የለሽም፣ ሳቢያን ቦክሱ ሞልቷል፣ እኔ ጋ ግን የተለቀቀ መስመር አለ በሁለት ቀን ሽቦ ስቤ አስገባልሻለሁ፣ ማዘርን አታንገላቻት» አለኝ። ማዘርን ሲል በቃ ልቤ ራራ። 14,000 ለመስመሩ 4,500 ለቀፎው። እኔ ደሞ በሪያል እያሰብኩ ብዙ አልመሰለኝም፣ አልተከራከርኩም፣ ማንንም አልጠየቅኩም፣ እዛው ቆጥሬ ሰጠሁት። ከደብተር ቀዶ ብሩን ፅፎ ፈረመልኝ፣ ደረሰኝ መሰለኝ እኔ።

በሁለተኛው ቀን እውነትም ሁለት ልጆች መሰላል ይዘው መጡ። ግራጫ ሽቦ ከጣሪያ አወረዱ፣ በግድግዳው ላይ በሚስማር እየመቱ ቀጥ አድርገው ወሰዱት፣ በመስኮት አስገቡት፣ ጥግ ላይ ነጭ ቦክስ ለጠፉ። ስራቸው በጣም ንፁህ ነበር ወላሂ። ሲቸነክሩ ሻይ አፍልቼ ሰጠኋቸው ኡሚ ቁጭ ብላ ዱአ ታደርግላቸዋለች። ስልኩን ሶኬት ላይ ሰኩት፣ አንደኛው ከሞባይሉ ደወለ፣ ጮኸ፣ ኡሚ ሄዳ አነሳችና «ሃሎ» ስትል እንደ ህፃን ሳቀች።

ቁጥሩ የሚጀምረው በ09 ነው። ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ! ጅዳ የቤት ስልክ በ012 እንደሚጀምር ሞባይል ደሞ በ05 እንደሚጀምር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፣ እዚህም እንደዛ ልዩነት ይኖረዋል ብዬ እንዴት አንድ ሰው አልጠይቅም? ድሬም ሀረርም የቤት ስልክ በ025 ነው የሚጀምረው፣ ይሄን እዚህ ያደገ ህፃን ያውቀዋል፣ እኔ ግን የሰላሳ አንድ አመት ሴት አላወቅኩም። ወንድሜም 00251 9 ብሎ ሲደውል ምንም አላለም እሱ ከየት ያውቃል።

ልክ በወሩ ስልኩ ለመደወል እምቢ አለ። ሰውየው ጋ ስደውል «ወርሃዊ ክፍያ ነው» ብሎ 1,200 ተቀበለኝ። በሁለተኛውም ወር እንደዛው። ከዛ ባለፈው ሳምንት ጭራሽ ዝም አለ፣ እሱም ስልኬን አያነሳም። ትናንት የጎረቤታችን ልጅ ኤሌክትሪክ ስራ ስለሚችል ሽቦውን እስቲ እይልኝ አልኩት። ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ትንሽ ቆየና «እህቴ ነይ እስቲ ራስሽ እዪው» አለኝ። በመሰላሉ ወጣሁ። ቆርቆሮው እሳት ሆኗል እጄን አቃጠለኝ። ሽቦው ከግድግዳው ይወጣና ስንዝር የሚያህል ሄዶ ያልቃል። ጫፉ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ ቆርቆሮው ስር ተወትፏል። በቃ። ከምሰሶው የሚመጣ ምንም ሽቦ የለም፣ ኖሮም አያውቅም። ልጁ ወርዶ ስልኩን ገለበጠው፣ ከሆዱ ክዳኑን ፈልቀቅ አድርጎ አወጣ፣ ውስጡ ሲም ካርድ። ሞባይል ማለት ነው የቤት ስልክ ቅርፅ ያለው፣ ሲከፈልበት የነበረው ደሞ የወር ጥቅል። ኡሚ ከወንበሯ ሆና «ተሰራ?» ትለኛለች። ምን ልበላት?

ይሄ እኮ በየመንገዱ ጃንጥላ ዘርግተው ሲም የሚሸጡበት ከተማ ነው። ሳፋሪኮም በ2014 ነሐሴ ላይ አገልግሎቱን ሲሞክር መጀመሪያ የመጣው እዚሁ ድሬ ነው። በዚህ ከተማ ላይ እኔ ለአንድ ሲም ስንት ከፈልኩ።

ዛሬ ጠዋት ቴሌ ሄድኩ፣ የነበረችው ልጅ በትህትና አየችልኝና ቁጥሩ በኔም በእናቴም ስም እንዳልሆነ ነገረችኝ፣ የማን እንደሆነ መናገር አትችልም ልክ ናት። ማለት እናቴ ሁለት ወር ሙሉ በማላውቀው ሰው ስም ስታወራ ነበር።

ከዛ በቀጥታ ወደ ሱቁ። ስምንት ሰአት ነበር፣ ያው እንደምታውቁት በዛ ሰአት ዝግ ነው፣ በረንዳው ላይ እስከ አስር ሰአት ቁጭ አልኩ። መጣ፣ ጉንጩን በጫት ወጥሮ። አላወቀኝም! «የትኛው ስልክ?» አለኝ። ነገርኩት፣ የሽቦውን ፎቶ አሳየሁት። ፎቶውን አየት አደረገና የራሱን ስልክ መነካካት ቀጠለ።

«ይደውል ነበር አይደል? አቦ አታካብጂ።»

ሽቦውስ አልኩት፣ ድምፄ እየተቆራረጠ።

«ሽቦ ፈለግሽ ሽቦ አገኘሽ።»

ልጆቹ ሳቁ። አንደኛው ቤቴ ቁጭ ብሎ ሻዬን የጠጣው ነው፣ እናቴ ዱአ ያደረገችለት፣ አይኔን እያየ ነው የሳቀው። ብሬን መልስ ስለው «ደረሰኝ አለሽ?» አለኝ፣ የደብተር ወረቀቱን አወጣሁ፣ በሁለት ጣቱ ይዞ አገላብጦ አየና «ይሄ የኔ ፅሁፍ አይደለም» ብሎ ባንኮኒው ላይ ወረወረው። ወረቀቷን አንስቼ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ነው ያለቀስኩት።

የቤት ስልክ የምታስገቡ ራሳችሁ ቴሌ ሂዱ ወይ 994 ደውላችሁ ጠይቁ፣ በ025 የማይጀምር ቁጥር የቤት መስመር ነው ካሏችሁ አትቀበሉ፣ በስማችሁ ውል ሳይኖርና የማሽን ደረሰኝ ሳታገኙ አንድ ብር አትክፈሉ። ሽቦ ሲስቡም ቆማችሁ እስከ ምሰሶው ድረስ እዩ፣ ሻይ ለማፍላት አትግቡ።

ነገ ከሰፈራችን ሽማግሌ ጋር ተመልሼ እሄዳለሁ፣ እምቢ ካለ ፖሊስ ጋ። በዚሁ ሰው የተበላችሁ ካላችሁ በውስጥ አናግሩኝ አብረን እንሂድ፣ ብቻዬን ስሄድ ነው የሚስቁብኝ።